ለቅርንጫፍ የተያዘ ወንበር

ዛሬ ጠዋት ከአፓርትመንታችን ጀርባ ያለውን እሾሃማ ዛፍ ሊከረክሙ ሦስት ሠራተኞች መጡ። ከተማችን ሜስኪት ስሟን ያገኘችው ከዚህ ዛፍ ነው ይላሉ። መጋዙ ሲጮህ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁና እጄ መስታወቱ ላይ ቀረ። የእርጥብ እንጨት ሽታ ገባ። ሌሊት ዘንቦ ነበር፤ የራሰ አፈርና መረር ያለ የተቆረጠ ግንድ ሽታ አንድ ላይ።

ልጄ ሳምራዊት ከኋላዬ የመኪና ቁልፍ እያቃጨለች "ማሚ፣ ሄድኩ" አለች።

ዛሬ ሃይዌይ ላይ ብቻዋን የምትነዳበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ሌዊስቪል አንድ ዌርሃውስ ውስጥ የሰመር ሥራ አግኝታለች። ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ፣ የሌለ ፍሬን በእግሬ ስረግጥ ነው የከረምኩት። ትናንት ግን "ማሚ፣ ኢናፍ" አለችኝ።

"ኮል እንዳታደርጊኝ ደግሞ። እየነዳሁ ስልኩ ሲጮህ ነው የምደነግጠው።"

"ስትደርሺስ?"

"ስደርስ ቴክስት አደርጋለሁ። ከሥራ ስወጣም አደርጋለሁ። በመሃል ኖ።"

"እኔን የሚያስፈራኝ እኮ መሃሉ ነው።"

"አይ ኖው፣ ማሚ።" ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። አምቡላንስ በሰማሁ ቁጥር ልጄን የጫነ ይመስለኛል። ዛሬ ግን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁበት። እንደማልደውል ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ያ ሽታ ያስታወሰኝን መጻፍ ጀመርኩ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜም ፈሪ ነበርኩ።

ከተማዋ ንቁቱ ትባላለች፤ ደቡብ አፍሪካ፣ የዙሉዎች አገር። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የታክሲ ተራ፣ በየመንገዱ የሚንጎራደዱ ፍየሎች፤ ከዚያ ወዲያ ሣርና ሰማይ ነው። አባዬ ከሆሳዕና ተነስቶ እዚያ የደረሰው ከኔ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እናቴ ስትሞትብኝ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት "የኔ ልጅ ናት" ብላ በአውሮፕላን ወሰደችኝና ለአባዬ አስረከበችኝ። ወረቀት ስላልነበረኝ ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሥራዬ ሱቅ መጠበቅ ሆነ። ብርድ ልብስ፣ አንሶላና መጋረጃ እንሸጥ ነበር። ወለሉ በቀይ ሰም ይወለወላል፤ ሱቁ ሁሌ ሰም፣ ላምባና አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ከኋላ ባለችው ክፍል እንተኛለን።

የቤቱ ባለቤት ጎጎ ናቸው። ጎጎ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ግቢው ጀርባ ባለች ክብ ጎጆ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ወደ ሱቁ ሲገቡ ፈርቼ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች መሃል ገባሁ። አቧራው አስነጠሰኝ።

"ይሄ መጋረጃህ ጉንፋን ይዞታል" አሉት አባዬን። "ታሞብህ ነው የምትሸጠው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ መጋረጃ ሆነ። ቋንቋቸውን በሦስት ወር ለመድኩት፤ ልጅ አይደለሁ። የተማርኩት ከሳቸው ስለሆነ ግን እንደ አሮጊት ነበር የማወራው። ደንበኞች "ይህቺ ልጅ ሰማንያ ዓመቷ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ጎጎ ባንኮኒው አጠገብ ይቀመጡና ስለ ጦርነቱ ያወሩኛል። "ከዚያ ተራራ ሥር መጡብን" ይላሉ። "ቀይ ኮት ለብሰው። ድንኳናቸውን ተከሉ። የኛዎቹ ሸለቆው ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሃያ ሺህ ሰው፣ ሳል እንኳ የማይሰማበት።" ከዚያ በብርድ ልብስ ያሳዩኛል። አንዱን ጥቅል መሃል ያስቀምጣሉ፣ እሱ የበሬው ደረት ነው፤ ሁለቱን በግራና በቀኝ ያጥፏቸዋል፣ እነሱ ቀንዶቹ ናቸው። ቀንዶቹ ዞረው ይገጥማሉ። ቀይ ኮቶቹ መሃል ናቸው። "በውጊያው መካከል ፀሐይ ጠቆረች" ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አያቴ እዚህ ጋ ነበር።" ጣታቸው ደረቱ ላይ ያርፋል። "ወደ ላይ ሲሮጥ መቱት።"

ጦርነቱ የእንግሊዝና የዙሉ እንደሆነ፣ ያ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ እንዳለፈው ማንም አልነገረኝም። ጎጎ ሲያወሩ ትናንት የሆነ ነው የሚመስለው። እኔም ባለፈው ዓመት የሆነ መስሎኝ፣ አባዬ እንዲህ ያለ አገር ለምን አመጣኝ እያልኩ ማታ ማታ አስብ ነበር።

በጥር ወር አንድ ቀን አባዬ ደጅ ቆሞ ከጎረቤት ጋር ሲያወራ፣ ሁለት መኪና ሙሉ ነጮች ከሱቃችን ፊት ቆሙ። ቀይ ኮት ለብሰዋል። ነጭ ባርኔጣ አድርገዋል። ጠመንጃ ይዘዋል።

ምን እንዳደረግሁ አልረሳውም። ያን ከባድ የብረት በር ጎትቼ ዘጋሁት፣ ከውስጥ ቀረቀርኩት፣ ብርድ ልብሶቹን ቆልዬ ከሥራቸው ገባሁ። አባዬን ውጭ ትቼ!

"ክፈቺ!" ይላል በሩን እየደበደበ።

"ሩጥ አባዬ! መጥተዋል!"

"ማን ነው የመጣው? ደንበኞች ናቸው እኮ! ክፈቺ አልኩሽ!"

ስከፍት አንድ ወፍራም ቀይ ኮት፣ ላቡን እየጠረገ፣ ቀዝቃዛ ኮካ እንዳለን ጠየቀኝ። ለካ በየዓመቱ ውጊያውን ለማሰብ ተሰብስበው የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ተራራው ሥር እንደ ቲያትር ይዋጋሉ፣ ዙሉዎቹም ጋሻ ይዘው ይገጥሟቸዋል፣ ከዚያ አብረው ይበላሉ። ጎጎ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ደግ አደረግሽ" አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "አያቴ እንዳንቺ ያለ በር ቢኖረው ኖሮ ዛሬ እዚያ ብርድ ላይ አያድርም ነበር።"

"አሁንም እዚያ ናቸው እንዴ?"

"ማን አመጣው?" አሉኝ። ሳቃቸው ጠፋ።

ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። የሞተ ሰው ከወደቀበት በራሱ ወደ ቤት አይመለስም፤ ሄዶ የሚያመጣው ዘመድ ያስፈልገዋል። የእሾህ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘህ ትሄዳለህ፣ በስሙ ትጠራዋለህ፣ መንገዱን ስትነግረው ቅርንጫፉ ላይ ሆኖ አብሮህ ይመጣል። የጎጎ አባት ያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ ያሉ ሕፃን ነበሩ፤ አድገው አባታቸውን ሳያመጡ ሞቱ። አሁን ተራው የጎጎ ነው። ወንዶቹ ልጆቻቸው ጆሃንስበርግ ሆነው ለገና እንመጣለን ይላሉ፤ ገናው ያልፋል።

እኛ ቤትም አንድ ሰው ይጠበቅ ነበር። አጎቴ ደሳለኝ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም። ከሆሳዕና አብረው ነበር የወጡት። አባዬ እንደሚለው ሞዛምቢክ፣ ቴቴ የምትባል ከተማ አጠገብ ሥራ አግኝቶ እዚያ ሆኗል። ቡናማ ጃኬቱ ከክፍላችን በር ጀርባ ተሰቅሏል። አባዬ እሁድ እሁድ አውርዶ ያራግፈውና መልሶ ይሰቅለዋል። እሁድ ደግሞ ወደ አገር ቤት የምንደውልበት ቀን ነው።

"ደሳለኝስ?" ትላለች አያቴ በስልኩ።

"ሥራ ላይ ነው እማዬ። ያለበት ስልክ የለም።"

"አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ባሰማኝ።"

"ያሰማሻል።"

እኔ አጎቴ እንደኛ ብርድ ልብስ የሚሸጥ፣ ሱቁ ግን ከኛ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። ጃኬቱን የተወው ሌላ ስለገዛ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ከቀይ ኮቶቹ ሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ጎጎ በትራቸውን እየመረኮዙ መጥተው አባዬ ፊት ቆሙ።

"ልጅህን ለአንድ ቀን አውሰኝ።"

"ለምን፣ እማማ?"

"አያቴን ልናመጣ።"

"አያትዎ በሕይወት አሉ እንዴ?"

"በሕይወት ቢኖርማ በእግሩ ይመጣ ነበር።"

አባዬ ሊስቅ ከንፈሩ ተከፈተ፣ ከዚያ ገባውና ፊቱ ተዘጋ። አባዬ ጌታን የተቀበለ ሰው ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ከባንኮኒው በላይ ነው የሚቀመጠው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። እኛ ከሙት ጋር አናወራም። ሰፈሩ ልጅ ሞልቷል።"

"የሰፈሩ ልጅ ወሬኛ ነው። ጠርቼው ቅርንጫፉ ላይ ከያዝኩት በኋላ ከሱ በቀር ከማንም ጋር ማውራት የለብኝም፤ ሰው ካዋራሁ እዚያው መንገድ ላይ ይጠፋብኛል። የሰፈሩ ልጅ አክስቱን ያገኝና ያስቆመኛል። ይህቺ አክስት የላትም።"

"ልጆችዎ እስኪመጡ ይጠብቁ።"

"እነሱን እጠብቃለሁ። ዓይኔ ነው የማይጠብቀኝ። መንገዱን ሳላይ ምን ብዬ ልንገረው?"

"አይሆንም" አለ አባዬ። ጎጎ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። አባዬ ወደኔ ዞሮ "እንዳትሞክሪው" አለኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ዕቃ ሊያመጣ ደንዲ ወደምትባል ከተማ ይሄዳል፤ እስከ ማታ አይመለስም። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ወለል ስወለውል የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። በጓሮ በኩል ወጣሁ። ጎጎ አጥሩ ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ቆመዋል። እኛ አገር ቁርቁራ የምንለውን የሚመስል ዛፍ ነው። ቅርንጫፉን እየዳበሱ በቢላ ሊቆርጡ ይሞክራሉ፤ እሾሁ ሁለቱንም እጃቸውን ቀዶታል፣ ደሙ እስከ ክርናቸው ወርዷል። ከላይ ብርድ ልብስ ደርበዋል፣ ጫማ አድርገዋል። ብቻቸውን ሊሄዱ ነው።

ሱቁን አሰብኩ። አባዬን አሰብኩ። በቀን ሱቅ መዝጋት ከስርቆት የማይተናነስ ጥፋት ነበር። ግን ሄጄ ቢላውን ከእጃቸው ወሰድኩና ቆረጥኩላቸው። የዚያ እንጨት ሽታ ነው ዛሬ በመስኮት የገባው።

"መጋረጃ ነሽ?"

"አዎ ጎጎ።"

"ሱቁስ?"

"ዘጋሁት።"

እንዳልዘጋሁት ያውቃሉ፤ የበሩ ድምፅ አልተሰማማ። ሄጄ ዘጋሁና መጣሁ።

ታክሲው ከተራራው ወዲህ አወረደን፤ ከዚያ በእግር ሄድን። ተራራው ኢሳንድልዋና ይባላል፤ ከሜዳው መሃል ብቻውን የቆመ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የተኛ ውሻ የሚመስል። ሣሩ ወገቤ ይደርሳል፣ እርጥብ ነው። ከሩቅ ነጫጭ በጎች ተኝተው አየሁ። ስንቀርብ በጎች አይደሉም፤ ኖራ የተቀባ የድንጋይ ክምር ነው፣ እዚህም እዚያም፣ ሜዳው ሙሉ።

"ይሄ ምንድን ነው ጎጎ?"

"የእንግሊዞቹ መቃብር። ከአንዱ ክምር ሥር ብዙ ናቸው።"

"የናንተስ?"

"የኛ የለውም።"

"ማን ነበር ያሸነፈው?"

"እኛ ነና!"

"ታዲያ ድንጋዩ የታል?"

ጎጎ ቆሙ። ይስቃሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት፣ አልሳቁም። "እንግዲህ ለዚህ አይደል የመጣነው" አሉና ክርኔን ያዙ።

ጎጎ አያታቸው የወደቁበትን ትክክለኛ ቦታ አያውቁትም። ጎርፍ የቦረቦረው አንድ ገደል ጫፍ ስንደርስ "ይበቃል" አሉ። ተንበረከኩ። ቅርንጫፉን መሬት አስነኩና የአያታቸውን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጠሩ። የሚጠሩት ድምፅ እኔን "መጋረጃ፣ ሻይ አምጪ" እንደሚሉኝ ነበር እንጂ እንደ ጸሎት አልነበረም። "የልጅህ ልጅ ነኝ። ቆየንብህ። ተነስ፣ ወደ ቤት እንሂድ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለኔም ቃል አልመለሱልኝም። መንገዱን የማየው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ለሳቸው እናገራለሁ፣ እሳቸው ለአያታቸው ያስተላልፋሉ።

"ድንጋይ አለ ጎጎ።"

"ድንጋይ አለ፣ እግርህን አንሳ" ይላሉ ለቅርንጫፉ።

"ውሃ ነው።"

"ውሃ ልንሻገር ነው፤ ጉልበት አይደርስም። ያዘኝ።"

መጀመሪያ ፈርቼ ዘወር እያልኩ ባዶውን ሣር አይ ነበር። በኋላ ግን ሥራ በዛብኝና ፍርሃቱን ረሳሁት። ጭቃ ሳይ፣ እሾህ ሳይ፣ አጥር ሳይ እናገራለሁ። አንድም ሳልዘል። አያትየው የማውቃቸው ሽማግሌ ያህል ሆኑብኝ፤ ሽቅብ ስንወጣ "ደክሟቸው ይሆን" ብዬ ቀስ አልኩ።

ትልቁ ጭንቀቴ ታክሲው ነበር። ለአያትየው የራሳቸው ወንበር ሊያዝላቸው ይገባል፤ ጎጎ ደግሞ መናገር አይችሉም። የዚያ አገር ታክሲ ሰው እላይ በላይ ነው የሚጭነው። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በልቤ ስደጋግም መጣሁ። ታክሲው ቆሞ በሩ ሲንሸራተት፣ ዓይኔን ጨፍኜ በማውቀው ዙሉ ሁሉ ጮህኩ፦

"ሦስት ሰው ነን! አንዱ ወንበር የሽማግሌ ነው! ማንም እንዳይቀመጥበት!"

ዓይኔን ስገልጥ ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቋል። "አውቃለሁ ልጄ" አለኝ በለሆሳስ። "አትጩሂ፣ ይደነግጣሉ።" እጁን ሰዶ ራዲዮኑን አጠፋ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ከወንበሩ አንስታ እግሯ ላይ አደረገች። መስኮቱ ጋ ያለውን ለቀቁላቸው። ሁሉም ያውቃል! በዚያ ታክሲ ውስጥ ነገሩ አዲስ የሆነባት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ከየት ነው የሚመጡት?" አለኝ።

"ከተራራው።"

ቅርንጫፉን አየ፣ ጎጎን አየ። "ጊዜ ወስዶባቸዋል" አለ።

ጎጎ በመስኮቱ በኩል ያሳዩዋቸዋል። "ይሄ መኪና ነው፣ አትፍራ። ያ ትምህርት ቤት ነው። እነዚያ ሽቦዎች መብራት ናቸው፤ የሚበሩት ሲፈልጉ ነው።"

ንቁቱ ታክሲ ተራ ስንወርድ አባዬን አየሁት። ደንዲ የሚሄድበት መኪና ተበላሽቶ ከመንገድ ተመልሶ ኖሯል። ሱቁ ዝግ፣ እኔ የለሁ፣ ጎጎ የሉ። የአንድ እግሩ ጫማ ተፈቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። በዚያ አገር እንደኛ ያለ ሱቅ ውስጥ ምን ምን እንደሚደርስ ከኔ የተሻለ ያውቃል። አሁን እናት ሆኜ ነው ያ ፊት ምን እንደነበረ የገባኝ፤ ያን ጊዜ ቁጣ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ። "የት ነበርሽ? የት ነበርሽ?" ከዚያ ወደ ጎጎ ዞረ። "እማማ! አይሆንም አላልኩዎትም? አንድ ያለችኝ ልጅ ናት! ለምን?"

ጎጎ ወደ ቅርንጫፉ ጎንበስ አሉ። "ይሄ የሚጮኸው ተከራዬ ነው" አሉት። "ከሩቅ አገር ነው የመጣው። ልጁ ጠፍታበት ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ እንዳይመስልህ።"

"ይመልሱልኝ እንጂ!"

"አባዬ፣ አሁን መመለስ አይችሉም" አልኩት። "ካንተ ጋር ካወሩ ይጠፉባቸዋል። ከዚያ ሁሉ መጥተው እደጃቸው ላይ ይጥፉ?"

"ማን?"

"አያታቸው።"

አባዬ ቅርንጫፉን አየው። ሰዉ ዙሪያችንን ቆሟል። እጁ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ላላ ሲል ተሰማኝ።

"ቦታውን በምን አወቁት?" አለኝ በሀዲይኛ። ቁጣው ከድምፁ ወጥቷል።

"አላወቁትም። ስማቸውን ነው የጠሩት።"

አባዬ ወደ አስፋልቱ ወጣና እጁን ዘርግቶ መኪኖቹን አስቆመ። ጎጎ "መንገድ ልንሻገር ነው፣ ተከራዬ ይዞልናል" አሉ። ተሻገርን። አባዬ ቀድሞን ሄዶ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ሦስት ሰው እስኪገባ ጠብቆ ዘጋው።

ጎጎ ቅርንጫፉን ጎጆዋ ውስጥ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጡ። "ይሄው ቤትህ" አሉት። ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከተራራው ጀምሮ ከሰው ጋር ያላወሩት ሴትዮ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አፍ አፋቸውን አያለሁ።

"ሻይ" አሉ። "ስኳሩን እንዳትሰስቺ።"

አባዬ አልገረፈኝም። ጭራሽ አላነሳውም። ነገር ግን አንድ ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ብርድ ልብስ ሳጥፍ ከጎጎ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

"እማማ፣ መንገዱ በጣም ሩቅ ቢሆንስ?"

"የሚረዝመው ላንተ ነው። ለሱ አይረዝምም።"

"ድንበር ቢኖርበትስ?"

"ድንበር ደረስን በለው።"

"እኔ ቅርንጫፍ አልይዝም። እምነቴ አይፈቅድም።"

"የሱ የሆነ ነገር የለህም?"

የጎጎን አያት ጉዳይ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ።

በማግስቱ ዕቃ ሊያመጣ እንደሚሄድ፣ ስድስት ቀን እንደሚቆይ፣ ከጎጎ ጋር እንደምሆን ነገረኝ። ሲወጣ አየሁት። በዚያ ሙቀት የአጎቴን ጃኬት ክንዱ ላይ አድርጓል። "ለአጎቴ ልትሰጠው ነው?" ስለው "አዎ" አለኝ።

ስድስቱን ቀን ፈራሁ። ከዚያ ጎጎ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው "አሁን አባትሽ ትልቁን ወንዝ እየተሻገረ ነው" አሉ። "ድልድዩ ረጅም ነው። መስኮት ጋ ነው የተቀመጠው።"

ብድግ አልኩ። "ሞቷል እንዴ?"

"ሞኝ! መንገድ የሚነገረው ለሙት ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? መንገደኛ ሁሉ ይወዳል። በይ ነይ፣ አንቺ ደግሞ ንገሪው። ቀጥሎ ምን አለ?"

"አላውቀውም።"

"እኔስ መች አውቀዋለሁ? ዛፍ በይ። ዛፍ የሌለው መንገድ የለም።"

እናም በየቀኑ እንዲያ አመጣነው፤ በዛፍ፣ በፍየል፣ በዝናብ።

በስድስተኛው ቀን መጣ። ዕቃ አልያዘም። ጃኬቱም ክንዱ ላይ ነው። በር ጀርባ ሰቀለውና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። እኔ እንደ እሁዱ ላራግፈው አወረድኩት። ኪሱ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬቶች ነበሩ። መሄጃው አንድ ነው። መመለሻው ሁለት፤ ቀኑ አንድ፣ የወንበሩ ቁጥር ጎን ለጎን።

ታክሲ ውስጥ የጮህኩት ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አባዬ ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። "ሥራ ላይ ነው ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

ከመሬት ተቀመጠ፣ እኔንም አስቀመጠኝ። "ጫካ ውስጥ ነው ያመመው። ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበርኩትና የሚያሻግሩን ሰዎች ሂድ አሉኝ፣ ሄድኩ። ለእማዬ ምን ብዬ ላርዳት? ጫካ ጥዬው መጣሁ ልበላት?" ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። "አሁን ግን አብሮኝ ነው።"

በዚያው ሳምንት ወደ ሆሳዕና ደወለ። ለእናቱ አልነበረም፤ ለቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ነው። በጠዋት ሄደው፣ ጎረቤት ሰብስበው፣ እንደ ወጉ እንዲያረዷት። በምን ወረቀት ድንበር እንደተሻገረ፣ ዛፉን እንዴት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። እንደኔው ፈሪ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

መጋዙ ካቆመ ቆየ። ቅርንጫፎቹን ጭነው ሄደዋል። መሳቢያው ውስጥ ስልኬ ድምፅ ሰጠ፤ ጠዋት መድረሷን ከጻፈችልኝ ወዲህ ገና ሁለተኛው ነው፤ አወጣሁት። "ሊቪንግ ናው" ትላለች ሳምራዊት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአምስት። እጄ ለመደወል ቁጥሯ ላይ ሄደ። ማልኩ አይደል? መልሼ ከተትኩት።

ወንበር ስቤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ።

"አሁን ከፓርኪንጉ ወጣሽ" አልኩ ጮክ ብዬ። "ወደ 35 ቁጥር ሃይዌይ ገባሽ። ከጎንሽ ትልቅ ትራክ አለ፣ ተይው ይለፍ። ወንዙን ልትሻገሪ ነው፤ ድልድዩ ሰፊ ነው፣ አትፍሪ። አሁን ወደ 635 ታጠፊ። መስታወትሽን እይ። ዛፍ አለ። 75ን ከሥር አለፍሽው። ፀሐይዋ ከኋላሽ ናት..." አንድም ሳልዘል። ለመንገዱ አዲስ አይደለሁም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ነው። ከቤታችን በፊት ያለችውን ጋርላንድን ይዤ፣ መውጫዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ሳለ በሩ ተከፈተ።

"ማሚ? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ቁልፉን እያቃጨለች ቆማለች። ሙሉ ናት። ጉንጯ በሙቀቱ ቀልቷል።

"ካንቺ ጋር" አልኳት። "ቁጭ በይ። ገና ጋርላንድ ነሽ፣ ላስገባሽ።"